በሰው ቤት የሞቱት አዛውንት

ከባለ ሁለት መዝጊያው በር ላይ አንዱ መዝጊያ የለም። ለአንድ የልደት ግብዣ ቀይ ፋኖስ ሊሰቅሉ በጠዋት የመጡት ሠራተኞች መጀመሪያ ያዩት ይህንን ነው። ሌባ ገብቷል ብለው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ። መዝጊያው ግን አልተሰረቀም። አዳራሹ ውስጥ በሁለት አጫጭር በርጩማዎች ላይ ተጋድሟል፤ በመዝጊያው ላይ ደግሞ ሰው ተጋድሟል። ከፊት የነበረው ሠራተኛ ፋኖሱን ጥሎ ሮጠ። የቀሩትም ምን እንዳየ ሳይጠይቁ ተከተሉት።

ኢንስፔክተር ጓን እዚያ ቤት ለመድረስ መከራዋን አየች። ሙዚየሙ ከተራራው ግርጌ የተዘረጋ ሰፊ ግቢ ነው። ከአውራጃው ሁሉ እየፈረሱ በጭነት መኪና የመጡ የድሮ ቤቶች እንደገና ተገጣጥመው ቆመውበታል። አንድ ቀን እንኳ ተያይተው የማያውቁ ቤቶች እዚህ ጎረቤት ሆነዋል። ሁሉም ግራጫ ጡብ፣ ሁሉም ጠርዙ ወደ ላይ የቆለመመ ጣራ። ጓን በአንዱ ኩሬ አጠገብ ሁለቴ አለፈች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትደርስበት ተስፋ ቆርጣ በር ላይ በተቀመጠ የድንጋይ አንበሳ ራስ ላይ ተደገፈችና ስልኳን አወጣች።

«ኮንግ፣ የት ነው ያላችሁት? ዞሮብኛል።»

«አጠገብሽ ምን አለ አለቃ?»

«አንበሳ። አንድ ጆሮው የተሰበረ።»

«ታዲያ ደርሰሻል እኮ! ቀና በይ።»

ቀና ስትል ሳጅን ኮንግ ከበሩ ደፍ ላይ ሆኖ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ያያታል። ኮንግ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ሆዱ ከቀበቶው ያመለጠ፣ በእሷ ላይ ለመሳቅ ምክንያት የማያጣ ሰው ነው። አሁንም ሳቀ።

ውስጡ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሟቹ ከሰባ በላይ የሆኑ፣ አጥንታቸው የወጣ አዛውንት ናቸው። እግራቸው ወደ በሩ፣ ራሳቸው ወደ ውስጥ፣ ፊታቸው በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ የተሞላ ልብስና አዲስ የጨርቅ ጫማ ለብሰዋል። ከራስጌያቸው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ፣ ዘይቱ ያለቀ መብራትና ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል በእንጨቱ ግድግዳ ጥግ፣ የድሮ ሸክላ የተደረደረበት ረጅም ጠረጴዛ አለ።

«ሥርዓቱን አንድ አላጎደሉም» አለች ጓን። «ልክ እንደ ቤቱ ሰው ነው ያስተኟቸው።»

«ችግሩም እሱ ነው!» ዳይሬክተር ፌይ ከኋላዋ ጮኸ። የሙዚየሙ ኃላፊ ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ነው፤ እጁን እያሸ ቤቱን ይዞራል። «የዚህ ቤት ሰው አይደሉም! ይሄ የሁዎ ቤተሰብ ቤት ነው፤ ታፔላውን አላዩም? እኚህ ሽማግሌ ጂንግ ባውቲያን ይባላሉ። በየበዓሉ እየመጡ እዚያ አንበሳ ላይ ይቀመጣሉ። የጂንግ ቤተሰብ ቤት ያውና!» ከግቢው ማዶ ያለውን፣ እንደ መንትያ አንድ ዓይነት የሆነ ቤት አመለከተ። «የራሳቸው ቤት እዚያ ቆሞ ለምን ሰው ቤት ይሞታሉ?»

ጓን ማዶውን አየች፤ ከዚያ የቆመችበትን አየች። ግራ ገባት። በዚህ አገር ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ወደ ቤቱ አዳራሽ ያስገቡታል፤ መዝጊያ ነቅለው ያስተኙታል። ይህንን ሕፃን ልጅም ያውቃል። በማያውቁት ሰው አዳራሽ መሞት ግን ለሟቹ ውርደት፣ ለባለቤቱ ክፉ ገድ ነው። ወዳጅ ያደረገው ከሆነ ለምን እዚህ? ጠላት ያደረገው ከሆነስ ለምን እንዲህ አሳምሮ?

ኮንግ በበሩ ፊት ቆሞ ማስታወሻ ይይዛል። «የግራው መዝጊያ ተነቅሏል» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጽፋል።

«የቀኙ ነው» አለ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሻካራ ድምፅ። የሙዚየሙ ጥበቃ አጎት ቢያን ነው፤ ጥግ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይጨምቃል።

«ምን አሉ ሽማግሌው?»

«የቀኙ መዝጊያ ነው የተነቀለው።»

«እኔ እኮ እያየሁት ነው! ይሄ ግራ አይደለም? በዚህ ዕድሜዎ ግራና ቀኝዎን ላስተምርዎ?»

«እኔንማ አስተምረውኛል፤ አንተን ነው ያላስተማሩህ።»

«አንዱ መዝጊያ በል!» አለች ጓን በሁለቱም ተናዳ። «አንዱ መዝጊያ ብለህ ጻፍና ተገላገል።»

የአስከሬን ሐኪሟ ዶክተር ሩዋን ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ነፍሳቸው የወጣችው ሊነጋ ሲል ነው አለች። ሳንባቸው የተበላሸ ሰው ናቸው፤ በሕመሙ ሞተው ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሁለቱም ብብታቸው ሥር ሰው ጠበቅ አድርጎ የያዛቸው ምልክት አለ፤ ከንፈራቸው ላይ ደግሞ የጥጥ ክር አግኝታለች።

«አፍነዋቸው ነው?» አለ ኮንግ።

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከፍቼ ሳላይ አትጠይቁኝ።»

ጓን አጎት ቢያንን ወደ ግቢው አወጣችው። ከጥበቃ ቤቱ አልወጣሁም፣ ምንም አልሰማሁም፣ እንቅልፍ ጣለኝ አለ። ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያገኘ ሰው ዓይን አይመስልም፤ ቀልቷል።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?»

«እዚህ የሚመጣ ሁሉ ያውቃቸዋል።»

«ቤቱ ውስጥ ይገቡ ነበር?»

«በሩ ላይ ገመድ አለ፤ ጎብኚ አይገባም። ከገመዱ ውጭ ሆነው ጎንበስ ብለው ያያሉ። በዚያ ጠረጴዛ ሥር።»

ዳይሬክተር ፌይ ይህንን ሲሰማ ዘሎ ገባ። «እኔም አይቻቸዋለሁ! እንደ ልጅ ተንበርክከው ከጠረጴዛው ሥር ያጮልቃሉ። ጠረጴዛው ውድ ዕቃ ነው፤ ለሌባ መንገድ እያጠኑ ነው ብዬ ሁለቴ አስወጥቻቸዋለሁ። 'ቤቴ ነው' ይሉኛል። 'ቤትዎ ማዶ ነው' እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይቺን ሙጭጭ! ያረጀ ሰው ምን ይደረጋል?»

ሌባ፣ ጃጅተው የተሳሳቱ ሽማግሌ፣ የታፈነ ሰው፣ በክብር የተገነዘ ሰው። ጓን አራቱን ለማስታረቅ ሞከረች፤ አልታረቁላትም።

ሁዎ ዠንባንግ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነው። ለሙዚየሙ ብዙ ረድቷል፤ የእናቱን ልደትም በአያቶቹ አዳራሽ ሊያከብር ደግሶ ነበር። ጓንን ቢሮው ውስጥ ሲቀበላት ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«በአያቶቼ አዳራሽ የሰው ሬሳ! በእናቴ ልደት! ይሄ ማን እንዳደረገው መጠየቅ ያስፈልጋል? ጂንጎች ናቸው። ከድሮም ምቀኞች ናቸው።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ። ከአንበሳው ላይ ገፍትረው ጥለዋቸዋል አሉ።»

ሁዎ ተቅለሰለሰ። «ገፋ አደረግኳቸው እንጂ አልጣልኳቸውም። ቤቴ በር ላይ ተቀምጠው 'ቤቴ' ይሉኛል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፤ ከሚስቴ ጋር።»

ሚስቱ የምትኖረው ከቢሮው በላይ ባለው ፎቅ ነው። ጓን ደረጃውን ወጥታ ጠየቀቻት። ሚስትየው ለውዝ እየፈለፈለች «እሱ ነው ቤት ያደረው? ነግቶ ነው የገባው!» አለች፤ የሆዷን እንድትናገር የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ የኖረች ትመስላለች። ኮንግ ካቴናውን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ፤ ጓን በዓይኗ ከለከለችው።

ሁዎ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ላበው፣ በመጨረሻ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም አትናገሩብኝ። በከተማው የተከበርኩ ሰው ነኝ። አዋቂ ቤት ነው ያደርኩት።»

«የምን አዋቂ?»

«የቤትና የመቃብር አቀማመጥ የሚያይ። ከወንዙ ማዶ ነው ያለው፤ ጠይቁት። ለዚያ አዳራሽ መስገድ ከጀመርኩ ወዲህ ነገሬ ሁሉ ተበላሸ፤ ሁለት መኪና ተገለበጠብኝ፣ ልጄ ታመመ። አያቶቼ ለምን ፊታቸውን አዞሩብኝ ብዬ ልጠይቅ ሄጄ ነው።»

«አዋቂው ምን አለ?»

«ግራ ገብቶኛል አለ! 'የምትሰግድላቸው አያቶች የሚሰሙህ አይመስለኝም' አለኝ። ለዚህ ነው የከፈልኩት።»

ኮንግ አዋቂው ቤት ድረስ ሄዶ አጣራ፤ እውነት ነው፤ ሁዎ አዋቂውን እስኪነጋ ሲጨቀጭቀው አድሯል። ጓን አንድ የያዘችው ተጠርጣሪም አመለጣት።

የሟቹ ልጅ ጂንግ ላንሺያ በአውቶቡስ ተራው ጀርባ ትንሽ ኑድል ቤት አላት። በመስኮቱ ላይ በነጭ ቀለም አህያ ተሥሏል። ኮንግ ቆሞ አየው።

«አለቃ፣ አህያ ስንት እግር አላት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ይቺኛዋ አምስት አላት።»

ላንሺያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች፤ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷ የገረጣ ሴት። «ጭራዋ ነው» አለች። «አባቴ ጭራዋን መሬት አድርሶ ነው የሚሥለው። ሌላ አሣሣል አያውቅም። ኑድል ልቅዳላችሁ?»

ጓን ኑድል አልፈለገችም። እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ዕድሜዋን ሙሉ አልለመደላትም። «እህቴ፣ አባትሽን በተመለከተ ነው የመጣነው። ዛሬ ጠዋት ሙዚየሙ ውስጥ...»

«አባቴ ወንድሜ ጋ ሄዷል» አለች ላንሺያ ቶሎ ብላ። «ደቡብ። ባቡር ላይ ነው።»

«እህቴ...»

«ተሳስታችኋል። የሰው አባት ነው።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ጓንን ያስደነገጣትም ይሄው ነው። አባትሽ ሞተዋል የሚል ፖሊስ በሩ ላይ የቆመባት ሴት ቢያንስ «የትኛው አባት?» ትላለች፤ ትጮሃለች፤ ትስቃለች። ይቺ ግን ከሟቹ ጋር እንደማይተዋወቅ ሰው ጠረጴዛ ትወለውላለች። እጇ አንዱን ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ይወለውላል።

ሲወጡ ኮንግ የበሩን መቃን በጣቱ ነካ አደረገው። ለአዲስ ዓመት የተለጠፈው ቀይ ወረቀት ተፍቆ ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቷል፤ ፍቁ ትኩስ ነው።

«ቀዩን ወረቀት ማን ላጠው?» አለ ወደ ኋላ ዞሮ።

«ንፋስ ነው» አለች ላንሺያ ሳትዞር።

መኪናው ውስጥ ኮንግ በሥጋ የተሞላ ዳቦውን ከኪሱ አውጥቶ ገመጠ። «ሰው ሲሞት ነው ቀይ ከበር ላይ የሚነሣው። ታውቃለች አለቃ። እሷ ናት ያፈነቻቸው።»

«አፍና ገድላ አዲስ ጫማ አልብሳ?»

«ታዲያ ለምን አባቴ አይደለም ትላለች?»

ጓን መስኮቱን ከፍታ በመንገዱ ዳር የተከመረውን ሮማን እያየች ሄደች። ሁሉም ሰው ይዋሻል፤ ሁሉም የሚዋሸው ግን ለየቅል ነው። አንዱም ውሸት ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሁዎ አፍሮ ዋሸ። ጥበቃው ዋሸ፤ ምን ፈርቶ? ልጅቷ አባቷን ካደች፤ ማንን ለማዳን? በሐሳቧ ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ ወረቀቱን፣ ሩዙን፣ መብራቱን፣ እሳት ማጥፊያውን አንድ በአንድ አየች።

«ቁም» አለች።

«መብራት እኮ አረንጓዴ ነው።»

«ወደ ሙዚየሙ ተመለስ። ኮንግ፣ አንተ ሰው ገድለህ ራስጌው መብራት ብታበራ፣ ቤቱ እንዳይቃጠል ታስባለህ?»

ኮንግ ዳቦውን እንደጎረሰ ማኘኩን አቆመ።

አጎት ቢያን ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጓን ቀዩን እሳት ማጥፊያ ተሸክማ መጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አጎት ቢያን፣ ይሄ ዕቃ ቦታው በግቢው በር አጠገብ ነው፤ መስቀያው ባዶ ነው። ማን ነው ሬሳ ራስጌ ያደረሰው?»

ሽማግሌው ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ።

«እንጨት ቤት ነው ልጄ» አለ በመጨረሻ። «መብራቱ ቢወድቅስ? ከመንደራችን የተረፉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«መንደራችን?»

«ሊዩዋን። ግድቡ የዋጠው። እኔና ባውቲያን አብረን ነው ያደግነው። ልጁ ትናንት በሩን አንኳኳች፤ በጭነት ሞተሯ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አምጥታዋለች። ትንፋሹ ይሰማል፤ ገና አልሞተም። 'አጎቴ፣ አሥር ዓመት ሲለምነኝ የኖረው ይሄንን ብቻ ነው' አለችኝ። ምን ልበላት? ከፈትኩ። በብብቱ ይዘን አስገባነው። ነፍሱ እንደወጣች ልናወጣው ነበር፤ ሊነጋ ሲል ሞተ፣ ፋኖስ ሰቃዮቹ ቀድመው መጡብን። በኋላ በር አስወጣኋት። ስሜን እንደማትጠራ ማለችልኝ። አሁን እሰሩኝ፤ እሷን ግን ተዉአት፤ አባቷን አላለቀሰችም እስካሁን።»

ጓን እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ስትናገር ግን የጠየቀችው ሌላ ነው።

«እሺ፤ ግን ለምን በሁዎ ቤት? የጂንግ ቤት ማዶ ቆሞ!»

ሽማግሌው ኮፍያውን ከፊቱ አነሣ፤ እንደ ሞኝ አያት።

«የሱ ቤት ስለሆነ ነዋ! ባውቲያን እዚያ ነው የተወለደው። ለዳይሬክተሩ ስንቴ ነገረው? እኔም ብናገር 'ዘበኛ ነህ፣ በርህን ጠብቅ' አለኝ።»

ዳይሬክተር ፌይ ተጠርቶ መጣና ራሱን ያዘ። «አይሆንም! እኔው ራሴ ነኝ መንደሩ ሄጄ ያየሁት። ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ፎቶ አነሣሁ፤ በግራ የሁዎ፣ በቀኝ የጂንግ። የመንደሩ አናጺዎች ሲያፈርሱ በየእንጨቱ ላይ በቀለም ግራና ቀኝ ብለው ምልክት አደረጉ። ግራ የተባለውን የሁዎ ብለን ተከልን፣ ቀኝ የተባለውን የጂንግ። የት ላይ ነው ስሕተቱ?»

ጓን ጠዋት ኮንግና ሽማግሌው እንደ ልጅ የተናቆሩበት መዝጊያ ትዝ አላት።

«ዳይሬክተር ፌይ፣ ግቢው መሃል ይቁሙልኝ፤ ፊትዎን ወደ ቤቱ። አጎት ቢያን፣ እርስዎ አዳራሹ ውስጥ፣ እንደ ባለቤት ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ፊትዎን ወደ በሩ። አሁን ሁለታችሁም የግራውን መዝጊያ አሳዩኝ።»

ሁለቱም እጃቸውን አነሡ። የፌይ ጣት ያረፈው ጠዋት መዝጊያው ተነቅሎ በተገኘበት ጎን ላይ ነው። የቢያን ጣት ያረፈው በሌላው ላይ።

«እንዴ!» አለ ኮንግ።

«ቤት የሚያየው ወደ ውጭ ነው» አለ አጎት ቢያን፣ ይህን ያህል ግልጽ ነገር መናገሩ እያሳፈረው። «ግራና ቀኙን ቤቱ ነው የሚያውቀው። መንገድ ላይ የቆመ እንግዳ ምን አግብቶት?»

ዳይሬክተር ፌይ እጁን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጆሮው የተሰበረው አንበሳ አጠገብ ተቀመጠ። «እኔ ከመንገድ ሆኜ...» አለ። «እነሱ ከውስጥ... ሁለቱ ቤቶች ተቀያይረዋል ማለት ነው?» ወዲያው ቀና አለ። «ግን ይሄ ግምት ነው! አናጺዎቹ ሞተዋል፤ መንደሩ ውኃ ሥር ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ማን ያረጋግጥልኛል? ሁዎስ ምን እለዋለሁ? እስካሁን ለሰው አያቶች ነበር የምትሰግደው ልበለው?»

«እሱስ አዋቂው ነግሮታል» አለ ኮንግ።

ከሰዓት በኋላ የዶክተር ሩዋን ስልክ መጣ። ሳንባቸው ነው የገደላቸው፤ ማንም አላፈናቸውም። የጥጡ ክር ከንፈራቸው በውኃ ከራሰበት ጥጥ የቀረ ነው። ጓን ስልኩን ዘጋችና ላንሺያን ራሷ ሄዳ አመጣቻት።

ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ አጎት ቢያንን አየች። እሱም «ነግሬያቸዋለሁ ልጄ፤ አልቅሺ» አላት። ያኔ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ለቅሶ በአንዴ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ፎቶ ሲነሡ የነበሩ ጎብኚዎች ሳይቀሩ ስልካቸውን አወረዱ። ዳይሬክተር ፌይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ደግሞ አደረገው፤ ደግሞ አወለቀው።

ለቅሶዋ ጋብ ሲል ጓን ወደ አዳራሹ አስገባቻት። ሬሳው ተወስዷል፤ ሁለቱ በርጩማዎች ብቻ ቀርተዋል።

«ሐኪም ቤቱ 'ቤታቸው ውሰጃቸው' አለኝ» አለች ላንሺያ። «የትኛው ቤት? አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የኪራይ ክፍል? አሳንሰሩ ተበላሽቶ በጀርባዬ ነው የማወጣው። ስለዚህ እዚህ አመጣሁት። ግን...»

«ግን ምን?»

«ኢንስፔክተር፣ ሰው ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ። ቤቱ ይሄ ይሁን ያኛው አይታወቅም ይላሉ። ዳይሬክተሩም አይታወቅም ይላል።» ሽርጧን ጨመደደችው። «አባቴ ስናስተኛው ዓይኑን ገለጠ። ጣራውን አየ፤ ያንን መብራት፣ ያንን የጭስ መጠቆሚያ አየ። 'ይሄ የማን ቤት ነው?' አለኝ። 'ቤትህ ነው አባዬ' አልኩት። እንደገና 'የማን ቤት ነው?' አለኝ። ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ፊቱን ከእኔ አዞረና ግድግዳውን እያየ ሞተ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልተመለሰም። ተቆጥቶኝ ነው አይደል? ሰው ቤት አምጥቼ ጣልኩት?»

ጓን ሊያጽናና የሚችለውን ሁሉ ልትላት ትችል ነበር፤ ነፍሳቸው ስትወጣ ነው፣ አላወቁም፣ አልተቆጡም። ሁሉንም በአፏ ጫፍ ይዛ አንዱንም ማለት አቃታት፤ ምክንያቱም አታውቅም። ግራና ቀኙ ሊሆን የሚችለውን አሳየ እንጂ የሆነውን አላሳየም። የገዛ ቤቷ ያልሆነ ቤት ውስጥ ቆማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጣራ ሥር፣ ለዚህች ሐዘንተኛ ውሸት ለመናገር አፈረች።

«መዝጊያው የት ጋ ነበር?» አለች።

ላንሺያ በእግሯ አሳየቻት። ጓን ኮቷን አውልቃ በርጩማዎቹን ገፋችና ድንጋዩ ወለል ላይ በጀርባዋ ተጋደመች።

«አለቃ፣ ደህና ነሽ?» አለ ኮንግ ከበሩ።

ጣራው ላይ አዲስ ቀለም፣ የጭስ መጠቆሚያው ቀይ ነጥብ፣ ደማቅ አምፖል። ማንም ቢሆን ቤቱ ነው ብሎ አያውቀውም። እሷም አላወቀችውም። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሸክላ የተደረደረበት ጠረጴዛ እግሮች፣ ከእግሮቹ ኋላ ጨለማ፤ አዛውንቱ ከገመዱ ውጭ ተንበርክከው ሲያጮልቁበት የኖሩት ጨለማ። የስልኳን መብራት አበራች።

ኮንግ ሁለተኛ ሊጣራ ሲል እጇን አነሣች።

«ላንሺያ፣ እህቴ፣ ነይ» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተኚ። እሳቸው እንደተኙት።»

ላንሺያ ግራ እየገባት መጣች፤ ወለሉ ላይ ተጋደመች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጠረጴዛው ሥር፣ የቆመ ሰው በጭራሽ በማያየው፣ ተደብቆ የሚጫወት ሕፃን ብቻ በሚደርስበት ጥግ፣ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በምስማር የተጫረች አንዲት አህያ ነበረች። ጭረቱ አርጅቶ ጠቁሯል፤ አምስት እግር አላት።